የሬክተም ካንሰር ሕክምናን ለሬዚደንቶች ስናስተምር

የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል) ካንሰርን ለሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚሠለጥኑ ሐኪሞች) የሚያስተምር ሐኪም ትምህርቱን ከጣት ምርመራ ቢጀምር ይመረጣል። ብዙ ታካሚ የሚመጣው «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ለወራት ቅባት ሲቀባ ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ «ደም ያስቀምጠኛል» ያለን ሰው በጣት ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ጥፋት መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ሬዚደንቱ «ዕጢ አለ» ብሎ ካቆመ አይለፉት፤ ዕጢው ከፊንጢጣ ጠርዝ በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ፣ የሚንቀሳቀስ ወይም የተጣበቀ መሆኑን፣ ታካሚው «አጥብቅ» ሲባል ጡንቻው ጣትን ምን ያህል እንደሚይዝ ይጻፍ።

ባዮፕሲ (ከዕጢው ናሙና ወስዶ መመርመር)፣ ሙሉ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) እንዲሁም የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን የታወቁ ናቸው። ረጅሙን ሰዓት ለዳሌ ኤምአርአይ ይስጡት። በሰሌዳው ላይ አንጀቱን፣ በዙሪያው ያለውን ስብ (ሜዞሬክተም) እና ስቡን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን አንዱን በሌላው ውስጥ ክብ አድርገው ይሳሉና፣ ከዕጢው እስከ ሽፋኑ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረ ይጠይቁ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ በ1982 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና ይህን ስብ ከነሽፋኑ ሳይቀደድ ማውጣት ነው፤ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና መግባት ካንሰሩን በዳሌ ውስጥ ትቶ የመውጣት አደጋ አለው።

ዕጢው ከአንጀቱ ጡንቻ ካላለፈና ንፍፊቶቹ ነጻ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል። ከገፋ ጨረር ይቀድማል፦ በ5 ቀን 25 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ ወይም ከ25 እስከ 28 በሚደርሱ ክፍለ ጊዜያት ከ45 እስከ 50.4 ግሬይ ካፔሲታቢን ከተባለ የኬሞቴራፒ ክኒን ጋር። ለአንዳንዶች ኬሞቴራፒውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሰጣል። ዕጢው ፈጽሞ የጠፋለትን ታካሚ ያለ ቀዶ ሕክምና መከታተል የሚቻለው ኢንዶስኮፒውና ኤምአርአዩ በቀጠሮ ሊደገሙ ሲችሉ ብቻ ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል በነበረበት አገር፣ የጨረር ቀጠሮው ቀን የሕክምና ዕቅዱ አካል ሆኖ ሊጻፍ ይገባል።

በመጨረሻም ስለ ስቶማ (ሰገራ ወደ ከረጢት እንዲወጣ ሆድ ላይ ስለሚከፈት ቀዳዳ) ያስተምሩ። ቦታው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታካሚዋ ተቀምጣም ቆማም ታይታ፣ መቀነቷን የምትታጠቅበት መስመር ተጠይቆ ምልክት ይደረግበት። ሬዚደንቱም ከረጢቱን ግማሽ ያህል ውኃ ሞልቶ ሆዱ ላይ ለጥፎ አንድ ቀን ይዋልበት።