የሙዚቃ ሸክላ ከውጭ ስታዙ

ጀርመን ሆናችሁ የድሮ የኢትዮጵያ ሸክላ ከለንደን ወይም ከአሜሪካ የምታዙ፣ የሸክላውን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትቸኩሉ። እስከ 22 ዩሮ የነበረው ከቫት ነፃ የመሆን ዕድል ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። 19 በመቶው ቫት የሚሰላው ደግሞ መላኪያውንም ጨምሮ ነው። ሸክላው 40፣ መላኪያው 20 ዩሮ ከሆነ 11 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ይጨመርበታል። አድራሹ ድርጅትም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ ሻጩን አስቀድማችሁ «ቫቱ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ?» በሉት። ካለ ደረሰኙን ያዙ፤ ደግማችሁ እንዳትከፍሉ። «ስጦታ ብዬ ልላከው» ካላችሁ እሺ እንዳትሉ! የተገዛ ዕቃ ስጦታ አይደለም፤ ጉምሩክ ከያዘው ጣጣው ብዙ ነው። ያው ሸክላ ፓሪስ ወይም አምስተርዳም ከተገኘ ግን ትንሽ ቢወደድም ከዚያ እዘዙ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ጉምሩክ የሚባል ነገር የለበትም።