በደርግ ዘመን ሰው እንዴት ይኖር ነበር? ሰነድ ስናገላብጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የደርግን ዘመን ኑሮ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ምንጭ አያጣም። የሚሳሳተው አነባበቡ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አዋጅን እንደ ኑሮ ማንበብ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ ተረከበው። ጣራው ሲያፈስ ማን ይጠግነው እንደነበር፣ የትናንቱ አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ እንዴት ይተያዩ እንደነበር ግን ከነጋሪት ጋዜጣ አይገኝም።

ሁለተኛው «አዲስ ዘመን የመንግሥት ልሳን ነው» ብሎ ጋዜጣውን መጣል ነው። ልሳን መሆኑማ እውነት ነው። ነገር ግን እህል የሚደብቁ ነጋዴዎችን ሲያወግዝ፣ ሳይፈልግ ገበያው ላይ እህል መጥፋቱን ይመሰክራል። ዝምታውም ይነበባል፦ መስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር።

እግረ መንገዴን፦ የእኛ 77 ለፈረንጁ 1984 እና 1985 ነው። የኤምባሲ ዘገባና የቀበሌ ደብዳቤ ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አቆጣጠሩን ካላስተካከለ ሁሉም ይዛባበታል።

በእኔ ግምት ትልቁ ስህተት የቀበሌን ወረቀት መናቅ ነው። ቃለ ጉባኤው አሰልቺ ነው፤ መፈክሩ ያደክማል። ግን «ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል» የሚል ማስታወቂያ በየጥቂት ወሩ ከተደጋገመ፣ ሰው እየቀረ ነበር ማለት ነው። ክልከላ የሚታደሰው ሲጣስ ነው። የራሽን መዝገብም ስኳርና ሳሙና ለማን እንደደረሰ ያሳያል። ታዲያ የቤተሰቡን ቁጥር እንዳለ ማመን አይገባም፤ ስኳር በነፍስ ወከፍ ከተሰፈረ፣ አንድ የአክስት ልጅ ጨምሮ ማስመዝገብ ማንንም ያጓጓል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የተካሄደው የቀይ ሽብር ችሎት መዝገብ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማን እንደታሰረና እንደተገደለ ለማወቅ የማይተካ ነው፤ የተሰናዳው ግን ወንጀል ለማስረዳት ነው። ሽብሩ የበረታባቸውን 1969ን እና 1970ን በ17ቱም የደርግ ዓመት ላይ ማንጠፍ አይቻልም። የአዲስ አበባውንም በገጠሩ ላይ እንዲሁ። ገበሬው በ1967 መሬት አገኘ፤ በኋላ ደግሞ ኮታውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ማስረከብ ነበረበት፤ ልጁም ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራበት። የእሱ ደርግ ሌላ ነው።

አዛውንት ሲጠየቁም «ጊዜው እንዴት ነበር?» ማለት አይጠቅምም። «ያኔ ሌባ የለ!» ይባላል፤ የሚታማው የዛሬው መንግሥት ነው። ይልቅ «እማማ፣ ለሠርግዎ ስኳሩን ከየት አገኙት? ሰዓት እላፊ ሲደርስስ እንግዳው የት አደረ?» ብለው ይጠይቁ።