ኤሌክትሮን በማርማላታ ጠርሙስ

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው። «አክስቴ፣ ኤሌክትሮን በዓይን አይታይም ካሉ መኖሩን በምን አወቁ?» ብሎ ያዘኝ። እውነቱን ነው። ኤሌክትሮን አቶም ውስጥ ያለ፣ ነጌቲቭ ኤሌክትሪክ የያዘ ደቃቅ ቅንጣት ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄ. ጄ. ቶምሰንም በ1897 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮንን ያገኘው ሥራውን አይቶ እንጂ መልኩን አይቶ አይደለም። እኛም እንደዚያው እናድርግ።

አዳማ ላይ ከሆናችሁ በጥር ሞክሩት፣ አየሩ ደረቅ ነው። እኔ በሐምሌ ሞክሬ ልጁ ፊት አፍሬያለሁ። እርጥበት ሲኖር ቻርጁ፣ ማለትም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ፣ ሾልኮ ያልቃል።

ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የብረት ክዳን አይሆንም፣ በወፍራም ፕላስቲክ ቀይሩት። መሃሉን በጋለ ሚስማር ብሱና አንድ ስንዝር የመዳብ ሽቦ አሳልፉ። ታችኛውን ጫፍ እንደ መንጠቆ እጠፉት፣ ላይኛውን ጠቅልሉት። መንጠቆው ላይ ጣት የሚያህሉ ሁለት የአልሙኒየም ፎይል ቁራጮች ጎን ለጎን አንጠልጥሉ። እንዳይጨማደዱ።

ሽቦውን አደራ። እኔ ፍራንኮ አካባቢ ካለ ሞተር ጠምጣሚ ለምኜ አመጣሁ። ያብረቀርቃል፣ መዳብ ነው ብዬ ገጠምኩት። ፎይሉ ለካ እንደ ነገሩ ነው የሚንቀሳቀሰው። ለጥምጠማ የሚሆን ሽቦ ቫርኒሽ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ቫርኒሽ ደግሞ ኤሌክትሮን አያሳልፍም። በምላጭ ስፍቀው ተስተካከለ።

አሁን ፊኛ ንፉና ፀጉር ላይ እሹት። የኔ ቅቤ ስለነካው አልሆነም፣ የልጁን ከርዳዳ ፀጉር ተዋስን። ፊኛው ከፀጉሩ ኤሌክትሮን ነጥቋል። ሳታስነኩ ወደ ሽቦው አናት አስጠጉት። የሽቦው ኤሌክትሮኖች ተገፍተው ወደ ፎይሎቹ ይወርዳሉ። ሁለቱም ነጌቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፣ እንደ መቀስ ይከፈታሉ። ፊኛውን ስታርቁ ይገጥማሉ።

ደስ የሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ፊኛው እንደቀረበ የሽቦውን አናት በጣት ንኩ። ፎይሎቹ ይከደናሉ፣ የተገፉት ኤሌክትሮኖች በሰውነታችሁ አልፈው ወጡ ማለት ነው። መጀመሪያ ጣታችሁን፣ ከዚያ ፊኛውን አንሱ። ተመልሰው ይከፈታሉ! አሁን ግን ፖዘቲቭ ሆነው ነው። ፖዘቲቭ ነገር አልጨመርንም፣ ኤሌክትሮን ነው የጎደለው። ፖዘቲቭ የሆነው ቅንጣት፣ ፕሮቶኑ፣ አቶሙ እምብርት ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ኤሌክትሮን ራሱስ ቢሰበር?» አለኝ። ፕሮቶን ኳርክ ከሚባሉ ነገሮች የተሠራ ነው። ኤሌክትሮን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ሌላ ነገር አልተገኘም። ክብደቱም የፕሮቶንን 1,836ኛ ያህል ብቻ ነው። ሶኬት ጋ እንዳትወስዱት እንጂ ሌላ አደጋ የለውም። የኛ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ እንደተከፈተ ቆየ።