የተጨማደደውን የጋቢ ስፌት እንዴት አስተካከልኩት

ጅማ ውስጥ ለአንድ የድሮ ቤት ማሳያ የአልጋ ጋቢ እየሰፋሁ ነበር። ክፍሉ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932) የነበረ መኝታ ቤት እንዲመስል ነው የታሰበው። የሸማኔ ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ማገናኘት ግድ ነው። በመኪና ሰፋሁት፣ አጠብኩት፣ መሃል ለመሃል ተጨማደደ። በጣም አዘንኩ።

መጀመሪያ ክሩን ጠረጠርኩ። ስፌቱን ፈትቼ ቁራጮቹን ስለካ ግን አንዱ ከሌላው አጥሯል። ለካ እኩል አልተሸመኑም። አንዱ ማጉ (አግድም የሚገባው ክር) ጠበቅ ብሎ ተመቷል፣ ሌላው ሳሳ ብሏል። ሳሳ ያለው ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ ለብ ባለ ውሃ አሳደርኳቸው። ሳልጠመዝዝ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ስር ዘረጋኋቸው። ክረምት ስለነበር ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጀ፤ መቸኮል አያዋጣም። ከዚያ እንደገና ለክቼ እኩል ቆረጥኳቸው። ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሜ፣ ሰም ባሸሁት የጥጥ ፈትል በእጄ፣ ሳላጠብቅ ሰፋሁ። የእጅ ስፌት ለዘመኑም ይስማማል፤ መኪናውን መተው ነበረብኝ።

ድጋሚ አጠብኩት። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ተኛ። አሁን አዲስ ጨርቅ ሲመጣልኝ መቀስ ከማንሳቴ በፊት ውሃ ውስጥ ይገባል።