የጠረጴዛ መብራቴ እንዳይግልና እንዳይነክስ ያደረግኩት

ያገለገለች ኤክሊሴ ገዛሁ። ሚላናዊው አርክቴክት ቪኮ ማጂስትሬቲ በ1965 እ.ኤ.አ. የነደፋት፣ በ1967 ኮምፓሶ ዶሮ የተባለውን የጣሊያን የንድፍ ሽልማት ያገኘች የጠረጴዛ መብራት ናት። ከውጪ የማይንቀሳቀስ የብረት ሽፋን አላት፤ በውስጡ ያለውን ሌላ ሽፋን በጣት ስታዞሩት አምፖሉን እንደ ፀሐይ ግርዶሽ ቀስ በቀስ ይከልለዋል። የማጂስትሬቲ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ማደብዘዣው ራሱ ቅርጹ ሆኗል።

የገዛኋት ግን ከልዬ ሳበራት ብረቷ ጣት ያቃጥል ነበር። ሽፋኑም ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ይነክሳል፤ ተይዞ ይቆማል።

ሶኬቱን ነቅዬ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ አምፖሉን ስፈታ ምክንያቱ ታየ። የቀድሞው ባለቤት የገጠሙት 40 ዋት የክር አምፖል ነው፤ ቅርጹ እንደ ሻማ ረዘም ያለ ስለሆነ ጫፉ የውስጡን ሽፋን ይነካል። ነጩ ቀለም ላይ ቡናማ ጭረት ትቷል።

በቦታው ኢ14 የሚባለው ቀጭን ጥርስ (14 ሚሊሜትር ስፋት) ያለው፣ ክብና አጭር፣ 4 ዋት ኤልኢዲ አስገባሁ፤ 2700 ኬልቪን፣ ሞቅ ያለ ቀለም። ስትገዙ ርዝመቱን ለኩ፤ አንገታቸው የረዘመ ኤልኢዲዎች ብዙ ናቸው። መስታወቱም ወተት መሳይ ይሁን፤ ጥርት ያለው ግማሽ ሲከለል ግድግዳው ላይ ሽንትር ጥላ ይጥላል።

መዞሪያውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግኩት። ዘይት አትቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ሽፋኑም ካቆማችሁት ቦታ ይንሸራተታል።

አሁን ሙሉ በሙሉ ከልዬ አምሽቼ ብረቱን ስነካው ለብ ያለ ብቻ ነው። የእናንተዋ ገመዷ ያረጀ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ይየው።