ራስ ምታት፣ የፊት ሕመምና እንቅልፍ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መድኃኒት ቤት ስትሠሩ ቶሎ የምታውቁት ነገር አለ። ራሱን ዘወትር የሚያመው ሰው እንቅልፉም ሰላም የለውም። ደንበኞች ግን እንደ ሁለት በሽታ ይቆጥሩታል፤ ለራሱ አንድ ኪኒን፣ ለእንቅልፉ ሌላ።

ሁለቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ አንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሊየስ የምትባል ትንሽዬ ቦታ አለች። የአንጎል ኖርአድሬናሊን፣ ማለትም የሚያነቃን የነርቭ መልእክት ኬሚካል፣ በዋናነት የሚመነጨው ከእሷ ነው። ነቅተን ሳለ ትተጋለች፣ ስንተኛ ትቀዘቅዛለች፣ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ጭጭ ትላለች። ከፊትና ከራስ በትራይጀሚናል ነርቭ የሚመጣውን ሕመም የምታበርደውም እሷው ናት። ሕመሙ ወራት ሲቆይ ግን ይህ ሥርዓት ይዛባና ጭራሽ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል።

ስህተቶቹ እነሆ። ራስ ምታትን ለመከላከል በየማታው የሚወሰደውን አሚትሪፕቲሊንን በሳምንቱ መጣል። በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ አልቋል። "ይሄ የድብርት መድኃኒት ነው አሉኝ፣ እኔ አብጃለሁ እንዴ?" ብለው ፓኬቱን ባንኮኒው ላይ ይወረውሩታል። ኧረ ማንም አብደዋል አላለም! አዎ፣ መጀመሪያ የወጣው ለድብርት ነው። ለራስ ምታት ሲታዘዝ ግን በአብዛኛው ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ይጀመራል። ሥራው ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን የተባለው ሌላ የነርቭ መልእክት ኬሚካል ቶሎ ተመልሰው እንዳይሰበሰቡ ማድረግ ነው፤ ሕመም የማብረዱ ሥራ ጉልበት ያገኛል።

ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ "አልሠራልኝም" ከማለታችሁ በፊት ሁለት ወር ያህል ስጡት። የአፍ መድረቅና የጠዋት መጫጫን ግን ከመጀመሪያው ቀን ይመጣሉ። ሰው የሚያቆመውም እዚያ ላይ ነው፤ ጣጣውን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ። ሌላው ደግሞ ሲያመው ብቻ አንድ ፍሬ ይውጣል። ማስታገሻ አይደለም፣ እንደዚያ ሲወሰድ ምንም አይፈይድም።

"ኖርአድሬናሊን የሚያነቃ ከሆነ ይሄ ለምን ያስተኛኛል?" ያለኝ ተማሪ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ሂስታሚን የተባለውን ሌላ የሚያነቃ የአንጎል ኬሚካልም ስለሚያግድ ነው፤ እንቅልፉ በዋናነት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጠዋት የሚከብዳችሁ ከሆነ ከመኝታ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ውሰዱት። ግላኮማ፣ የልብ ችግር ወይም የሽንት መቋጠር ያለበት ሰው ሳይጀምር ለሐኪሙ ይንገር። ለጎረቤት ማካፈል የሚባል ነገርም ይቅር።

ግንባርና ጉንጭ ያመመ ሁሉ "ሳይነስ" ነው ማለት። 2004 ላይ በአሜሪካ የወጣ ጥናት ሳይነስ አለብን ብለው የመጡ 2,991 ሰዎችን አይቶ፣ 88 በመቶው የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት እንዳላቸው አገኘ። ማይግሬን አፍንጫ ያፍናል፣ ዓይን ያስነባል። ሰዉ ግን ሱዶኤፌድሪን ያለበትን የጉንፋን ኪኒን በላይ በላዩ ይውጣል። ያ መድኃኒት ኖርአድሬናሊንን እየለቀቀ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከዚያ ተመልሰው የእንቅልፍ ኪኒን ይጠይቁኛል።

ጥርስ ለማስነቀል መቸኮል። ፊት ሲታጠቡ ወይም ሲያኝኩ እንደ ኤሌክትሪክ ነዝሮ በሰከንዶች የሚለቅ ሕመም የትራይጀሚናል ነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሁለት መንጋጋ አስነቅለው ሕመሙ እዚያው የቀረ እናት አውቃለሁ። በመጨረሻ የረዳቸው ካርባማዜፒን የሚባለው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው።

ማስታገሻ ማዘውተር። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን ወይም ትራማዶል ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድ ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ያመጣል።

"ስቅም ይተወኛል።" ሊተው ይችላል፤ የጫቱ ካቲኖን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ግን ሌሊቱ አይተኛም፣ በማግስቱ ራስ ይፈለጣል፣ ከሰዓት እንደገና ይቃማል። ምርቃናውን በጨብሲ ሰብሮ፣ በዚያው ላይ አሚትሪፕቲሊን የሚውጥም አለ። ወንድሜ፣ አልኮልና ይሄ መድኃኒት ሲገናኙ ከባድ መደንዘዝ ያመጣሉ፤ አትሞክረው።

ፕሮፕራኖሎልን በአንድ ጊዜ ማቆም። ማይግሬንን ከሚከላከሉት አንዱ ነው፣ ኖርአድሬናሊን የሚሠራባቸውን ቤታ የተባሉ ተቀባዮች ይዘጋል። በድንገት ሲቆም የልብ ምትና ግፊት ሊያሻቅብ ይችላልና በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። አስም ያለበት ሰው ግን ከነጭራሹ አይጀምረው።