ሪሲቨር ላይ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ከፍቶ እንዴት እንደሚሰራ

ሪሲቨር ላይ ዩቲዩብ እየቆመ ሲያስቸግር ሰው መጀመሪያ ዋይፋዩን ይጠረጥራል፣ ከዛ ሶፍትዌር ያስጭናል፣ አሁንም ያው ሲሆንበት እቃው አርጅቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። እኔ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ፓወሩን ለኩ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ኔትወርኩን የሚያንቀራፍፈው ብዙ ጊዜ የደከመ 5 ቮልት ነው፣ እሱ ደሞ አንድ ካፓሲተር (ቦርዱ ላይ ያለ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ በርሜል መሳይ እቃ) በመቀየር የሚድን ነገር ነው።

መጀመሪያ ችግሩን ለዩ። የሚቆራረጠው ከዲሽ የሚመጣው ቻናል ከሆነ ኤልኤንቢ (ዲሹ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) ወይ ኬብል ወይ የዲሹ አቅጣጫ ነው፣ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። ኢንተርኔቱ ከሆነ ስልካችሁን ሪሲቨሩ አጠገብ አስቀምጡና በዛው ዋይፋይ ፍጥነት ለኩ፣ ዩቲዩብ ለ1080 ወደ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል፣ ለ720 2.5 ይበቃዋል። ስልኩም እዛ ቦታ ላይ 1 ሜጋቢት ብቻ ካሳየ ሪሲቨሩን መክፈት ትርፉ ድካም ነው፣ ራውተሩን አስጠጉ። ስልኩ በደንብ እየሰራ ሪሲቨሩ ብቻ ከተንቀራፈፈ ወደ ሃርድዌሩ እንግባ።

ከመክፈታችሁ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ። የዋይፋይ ዶንግሉ (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ የዋይፋይ መቀበያ) ከብረት ሳጥኑ ጀርባ፣ ከቲቪው ኋላ ተደብቆ ከሆነ ሲግናሉ ይታፈናል። ግማሽ ሜትር ወይ አንድ ሜትር የምትሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝታችሁ ዶንግሉን ወደ ውጪ አውጡት፣ ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ይገላገላል።

ካልተገላገላችሁ መልቲሜትር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ያዙ። አሮጌ የቻርጀር ገመድ ቁረጡ፣ የዩኤስቢው ጫፍ ያለበትን ወገን ያዙና ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ላጡ፣ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ለያይታችሁ ያዟቸው። ዶንግሉ አንዱ ፖርት ላይ እንደተሰካ ይቺን ገመድ ሁለተኛው ፖርት ላይ ሰክታችሁ ለኩ፣ ሁለቱ ፖርቶች ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር ነው ፓወር የሚያገኙት። ዋናው ነገር ዩቲዩብ እየተጫወተ መለካቱ ነው፣ ዝም ብሎ በቆመበት 5 ቮልት አሳይቶ ስራ ሲጀምር የሚወርድ ሞልቷልና። ከ4.75 በታች ከወረደ ወይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ካለ ጥፋተኛው ፓወሩ ነው። ሌላም ምልክት አለው፣ ሲበራ ጥሩ ሰርቶ ሲሞቅ ይንቀራፈፋል፣ ዋይፋዩ በራሱ ጠፍቶ ይመጣል፣ ኤችዲ ስትከፍቱ ሪሲቨሩ ራሱን ያጠፋና ያበራል።

ሪሲቨራችሁ ከውጪ 12 ቮልት አዳፕተር ያለው ከሆነ መጀመሪያ አዳፕተሩን ቀይሩ፣ እዛው ላይ ከተጻፈው አምፔር ያላነሰ ይሁን፣ ፕላስና ማይነሱም አንድ አይነት መሆኑን እዩ። ቀጥታ 220 ከግድግዳ የሚወስድ ከሆነ ግን ሳጥኑን መክፈት ሊኖርባችሁ ነው፣ እዚህ ጋ ጥንቃቄ! ሶኬቱን ንቀሉ፣ የዲሹንም ኬብል አላቁ። ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሶኬት ከተነቀለ በኋላም ወደ 310 ቮልት ሊይዝ ይችላል፣ ቦርዱን ሳትነኩ ለኩት፣ ከ10 ቮልት በታች እስኪወርድ ጠብቁ። በካቻቢቴ ሁለቱን እግሮቹን አገናኝቶ ሾርት ማድረግ የለመዱ አሉ፣ አታድርጉት፣ ቦርዱንም እጃችሁንም ይጎዳል። ከዚህ በፊት ፓወር ሰፕላይ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይሄን ክፍል ለባለሙያ ስጡት፣ በሰላም መግባት ይሻላል።

አሁን ከትራንስፎርመሩ ወዲህ፣ ሽቦዎቹ ወደ ዋናው ቦርድ በሚሄዱበት በኩል ያሉትን ትንንሽ ካፓሲተሮች ተመልከቱ። ጤነኛው አናቱ ዝርግ ነው፣ የተበላሸው ይነፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አናቱ ዝርግ ሆኖ ከስሩ ያፈሳል። ግን ከስሩ ቡናማ ነገር ባያችሁ ቁጥር ፈሷል አትበሉ፣ ፋብሪካው እንዳይነቃነቅ የሚቀባው ሙጫም እንደዛ ነው የሚመስለው፣ በጥፍር ፋቅ ስታደርጉት እንደ ጎማ ከተላጠ ሙጫ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በ5 ቮልቱ መስመር ላይ ከሂትሲንክ (ሙቀት ከሚያወጣው ብረት) ተጠግቶ ያለው ነው፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ብዙ ጊዜ 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት ነው።

ስትቀይሩ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይ ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት፣ ሎው ኢኤስአር (የውስጥ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ) ካገኛችሁማ በጣም ጥሩ። መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ እቃ የሚሸጡበት ጋ አሮጌውን አሳይታችሁ መግዛት ትችላላችሁ፣ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ግን አትውሰዱ። አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ነጭ መስመሩ ያለበት እግር ማይነስ ነው፣ ከተገለበጠ ይፈነዳል። የድሮው የብየዳ እርሳስ አልቀልጥ ካለ ትንሽ አዲስ እርሳስ ጨምሩበትና ሞክሩ፣ ካውያውን ተጭናችሁ አትቆዩ፣ ቦርዱ ላይ ያለው መዳብ ይላጣል።

ፓወሩ ደህና ሆኖ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሁለት ቦታ ይቀራል። ዋይፋዩ ውስጥ ያለበት ሪሲቨር ከሆነ የአንቴናዋን ቀጭን ሽቦ እዩ፣ ጫፏ ከቦርዱ ላይ ወልቃ ወይ ብየዳው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በላን ገመድ (ከራውተሩ በሚመጣው የኢንተርኔት ሽቦ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፣ ከዛ ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ውስጥ ያሉትን ፒኖች በባትሪ አይታችሁ የተጣመመ ካለ በመርፌ አቅኑ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከስር ያለውን ብየዳ በአዲስ እርሳስ አድሱ። በ100 ሜጋቢት ላን ላይ የሚሰሩት 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ፒኖች ናቸው፣ ሪሲቨሩ ጠፍቶ ገመዱም ተነቅሎ 1ን ከ2 ጋር፣ 3ን ከ6 ጋር ስትለኩ ሁለቱም ለዜሮ የተጠጋ ኦም ማሳየት አለባቸው። አንዱ ምንም ካላሳየ የላን ትራንስፎርመሩ (በጃኩና በላን ቺፑ መሃል ያለው ትንሽ እቃ) ተቃጥሏል፣ መብረቅ ከመታው በኋላ ይሄ ያጋጥማል፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ተመሳሳዩን ማስቀየር ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ ሳጥኑን ግጠሙ፣ ከዛ ኤችዲ ቪዲዮ ለአንድ ሰዓት ያህል አጫውቱና በዛችው ገመድ 5 ቮልቱን ድጋሚ ለኩ። ፓወሩ፣ ጃኩ፣ ትራንስፎርመሩ ሁሉ ደህና ሆኖ ላኑ አሁንም ካልሰራ የላን ቺፑ ራሱ ነው የተጎዳው፣ እሱን ማስቀየር ከእቃው ዋጋ ስለሚበልጥ ላኑን ተዉትና ሪሲቨሩ የሚቀበለውን የዋይፋይ ዶንግል ገዝታችሁ ተጠቀሙ።